የሰሊጥ ዘይት የጠጣ ፍሬን

«ያላ እህቴ፣ ገፋ አድርጊና ፍሬኑን ያዢ» አላት የጀሪፍ ሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ። የቤት ሠራተኛዋ ሉጥፊያ የማዳሟን ልጅ ማውንቴን ብስክሌት እንደያዘች ቆመች።

ጠዋት ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ ቢልባት፣ እንደ በር ማጠፊያ ዘይት የሚፈልግ መስሏት፣ ፍሬኑ የሚጨብጠውን ቀጭን ዲስክ ሰሊጥ ዘይት አጠጥታው ነበር። ጩኸቱ ጠፋ፤ ፍሬኑም አብሮ ጠፋ። ልጅቷ ከግንቡ ጋር ሳትላተም የቀረችው በእግሯ አቁማው ነው። ጠጋኙ አሁን ዲስኩን በአልኮል ወልውሎ፣ ዘይት የነካውን የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀይሮታል። ዐሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ በብስክሌቱ ወደ ዐባይ ዳር ትወጣለች።

ሉጥፊያ «ቢስሚላህ» ብላ ገፋችውና ፍሬኑን ጨበጠች። ጎማው ሲጥጥ ብሎ ቀጥ አለ።

«አዲስ ስለሆነ ነው የሚጮኸው፤ ላስተካክልልሽ?»

«ተወው! ይጩህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይጩህ!»