በቀለበቴ በኩል

ታናሿ ከሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ቆማ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን ማንበብ ስትጀምር ታላቂቱ ከንፈሯን አጣመመች። «ቀዩ ወንበር፣ የተሰነጠቀው መስታወት፣ ከዚያ በቀለበቴ በኩል።» ታናሿ አርባ ዓመት ደፍናም ግራ ቀኟን የምትለየው በቀለበቷ ነበር።

«አንቺን የተከተለማ ገደል ነው የሚገባው» አለቻት ታላቂቱ። «ሰው እንዳይስቅብን እጅሽን ጨብጪው። ነይ፣ ተከተዪኝ።»

ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ጫማዋን እያንቋቋች ፊት ፊት ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ለሦስት ሲከፈል ግን እግሯ ተገታ። ታናሿ ከኋላዋ ደርሳ ቆመች።

«እማዬ የተኛችው የቱ ጋ ነው?» አለች ታላቂቱ፣ ዞር ሳትል።

እናታቸው እዚህ ከተኛች ወር አልፏት ነበር። ታናሿ በየቀኑ ስታደምቀው የከረመችውን ጽሑፍ ከነመዳፏ ዘረጋችላት።

«አንብቢው፣ እትዬ።»