ያልተጠየቀ መዋጮ

«አንብቢው እንጂ ሐሴት፣ ምን ይዘሽ ትቀመጫለሽ!» ይላል ገብሩ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ፍርድ ሊነበብበት የቆመ ተከሳሽ እንጂ ጠበቃ አይመስልም።

«ኦፓ፣ ቫርተ! ቆይ፣ እየተከፈተ ነው» ትላለች የልጅ ልጁ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ዘርፈሽዋል ጎመን እያጠበች ባሏን በጎን ታየዋለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህ ሰው ለአንድ ደብዳቤ ብሎ ሰሞኑን እህል በወጉ አልቀመሰም። ነገሩ እኮ ክፉ አልነበረም። ድሬዳዋ ያለው የጠበቆች ማኅበሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አባላት ከእንግዲህ መዋጮ አይክፈሉ ብሎ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይተኛ ነበር። ገብሩ ግን ከአልጋው ብድግ አለ። «መዋጮ የማይጠየቅ ማን ነው? ወይ የሞተ ነው፣ ወይ የተባረረ!»

ፍራንክፈርት ከመጣ ወዲህ አንድም ቀን ችሎት አልቆመም፤ ሬንተ የሚሉትን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ነው የኖረው። ያም ሆኖ መስከረም በጠባ ቁጥር መዋጮውን ይልካል። ጥገኝነት ጠይቀው ሃይም በሚሉት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ በአንድ ክፍል ታጭቀው ሲኖሩ እንኳ፣ የልጆቹ ጫማ ይቆይ ብሎ ልኳል። ያኔ ዘርፈሽዋል አኩርፋው ስንት ቀን ጀርባዋን ሰጥታው ተኝታለች!

ማኅበር ይባል እንጂ እድር ነው። ደንቡን በጣልያን ጊዜ የጻፈው አንድ ጣልያናዊ ጠበቃ ነው ይላሉ፤ ክፈል፣ ካልከፈልክ ውጣ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። ጣልያን ሲወጣ የድሬ ሽማግሌዎች አሥራ አንደኛ አንቀጽ ጨመሩበት፤ ጠበቃ ሲሞት ጓደኞቹ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው፣ ተሰልፈው እስከ መቃብሩ ይሸኙት። ገብሩ ስሞት ድሬ ውሰዱኝ ብሎ ተናዟል። የሚፈልገው ያንን ሰልፍ ነው። ላልከፈለ ሰው ደግሞ ማን ይወጣለታል?

ስለዚህ «አስከፍሉኝ» ብሎ ጻፈ። የማኅበሩ ጸሐፊ ዓዚዛ የምትባል ወጣት ጠበቃ ናት፤ «አባታችን፣ እርስዎ ብቻ ጤና ይሁኑልን» የሚል በማር የተለወሰ መልስ ላከች። ጭራሽ ባሰበት። ደንብ ጠቅሶ እንደገና ጻፈ። ዛሬ የመጣው የዚያ መልስ ነው።

«ለተከበሩ ጠበቃ ገብሩ መሸሻ» ብላ ሐሴት ትጀምራለች። ፊደል የለመደችው ቤተ ክርስቲያን በቅዳሜው ትምህርት ስለሆነ ቃሉን እየቆረሰች ነው የምታነበው። «በደንባችን አንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት…»

«አንቀጽ ለኔ? ለቀባሪው አረዱት!»

«አቦ ዝም በላት፣ ታንብብልህ!» ትላለች ዘርፈሽዋል።

«…አባል የሆነ ሰው፣ መዋጮ ቢከፍልም ባይከፍልም፣ ከቀብር ከቀረ ይቀጣል። እርስዎም ባለፈው ወር ከነበረው ቀብር ስለቀሩ ቅጣት ተጥሎብዎታል።» ሐሴት ቀና ትላለች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ሽትራፈ? ቅጣት? ኦፓ እኮ ፍራንክፈርት ነው ያለው! በምን ይሂድ? ዳስ ኢስት ኡንፌር! ግፍ ነው!»

ገብሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታዋል። «ቀጡኝ! ዘርፌ፣ ሰማሽ? ቀጡኝ እኮ!» ይስቃል። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል።

«ሰው ተቀጥቶ እንዲህ ሲፈነድቅ ዛሬ ገና አየሁ» ትላለች ዘርፈሽዋል፤ በሆዷ ግን ያቺን ዓዚዛን ትመርቃታለች። ምን ዓይነት ብልህ ልጅ ናት! ልመናውን እምቢ ብላ፣ በጓሮ በር አስገባችው።

«ገና አላለቀም» ትላለች ሐሴት። «የቀሩት ከጠበቃ ሳሕለ ተድላ ቀብር ነው።»

የዘርፈሽዋል እጅ ጎመኑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ወይኔ! መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ መጥቶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ነው እንጂ! ልጅቷ በምን ታውቃለች፤ ማን አስተማራት። ሳሕለና ገብሩ ድሬ ሳሉ ጠዋት ዳኛ ፊት ሲዘላለፉ ውለው፣ ከሰዓት በአንድ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ሲሳሳቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ገብሩ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ወደ መስኮቱ ዞር ይላል። ከታች፣ ከሰፈራቸው ከፕሮይንገስሃይም ሕንፃዎች መሐል፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይጯጯሃሉ።

«ማን ወጣለት?» ይላል። «አንብቢ።»

ሐሴት አያቷን ታያለች። ዘርፈሽዋል አንብቢለት ብላ ራሷን ትነቀንቃለች።

«በሽኝቱ ሰልፍ ላይ… ከእርስዎ በቀር ሁሉም አባላት ተገኝተዋል። ቅጣቱን እንዲከፍሉ፣ ወይም የቀሩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስታውቁ እናሳስባለን።»

«ጻፊ» ይላል ገብሩ። «ምክንያት፤ አልሰማሁም።» መነጽሩን ከጠረጴዛው ያነሣል። «ብሰማ ኖሮ ግን…» ይላል። «ይቺን ተያት። ቅጣቱን እከፍላለሁ በይልኝ።»

ዘርፈሽዋል እጇን ጠርጋ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች። ከክረምት ካፖርቶቹ ኋላ፣ በላስቲክ እንደተሸፈነ የተሰቀለውን ጥቁር የጥብቅና ካባውን አውርዳ ታመጣለች። ከኋላው ቆማ ትከሻውን ይዛ ትዘረጋለታለች።

ገብሩ ይነሣል። አንድ እጁን ያስገባል፣ ከዚያ ሌላውን። ሰውነቱ ሟምቷል መሰል፣ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናቸዋል። ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ እጁን አጣምሮ ይቆማል።

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላው ትቆማለች። ሐሴት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ማንም ሳይጠራት መጥታ ከዘርፈሽዋል ኋላ ትሰለፋለች።