የጨው መጠቅለያ

የጋዜጣ ካርቱን ከተማሪነቴ ጀምሮ እከታተላለሁ። አሁን የማገኘው አቃቂ ድልድይ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ከሊል ጨው በሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው።

ዛሬ ጨዉን ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ቀኑ 1957 ዓ.ም. ይላል፤ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። በመጀመሪያው ሥዕል እኔ ጨው እገለብጣለሁ። በሁለተኛው፣ ቀበሌ የሚፈልጋት ልጄ ሰዓደት ቆጣችን ላይ ተኝታለች፤ በክር የታሰረው መነጽሯ ሳይቀር አለ። የቀረው ተቀዷል።

ክፉውን ከየአቅጣጫው ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ከጨው መጠቅለያ ግን አልጠበቅሁም። «ድምፅሽን አጥፊ» ብያት ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

«እትዬ አዚዛ፣ ጨዉን በሉት እንዴ?» ሳቀ ከሊል።

«የዚህ ወረቀት ግማሹ የታለ?»

«አሁን ለሦስት አብዮት ጠባቂዎች ለውዝ ጠቀለልኩበት። ሥዕሉን እያዩ ወደ እናንተ ቤት ታጠፉ።»