የመኖሪያ ከተማ

የልጄን የኮሌጅ ማመልከቻ ቅጽ ወደ ኮሌጁ ለሚልከው ትምህርት ቤቷ አስረክበን ከተመለስን በኋላ ኮፒውን ሳየው ክው አልኩ። «የመኖሪያ ከተማ» በሚለው ላይ ደሴ ማለት ሲገባኝ፣ ማደሪያ የላትም ብለው እንዳይጥሏት ፈርቼ የእህቴን የአዲስ አበባ አድራሻ ሞልቻለሁ። አዲስ አበባ ያለው የልብስ ዲዛይን ኮሌጅ ደግሞ በነጻ የሚያስተምረው ከክልል የሚመጡትን ብቻ ነው።

እስኪመሽ ስንቆራጠጥ ቆይቼ ነገርኳት።

«አበላሸሁብሽ፣ ልጄ!»

«ስናስረክብ አይቼዋለሁ፣ እማ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«እኔ ከሄድኩ የውጪውን በር ማን ይቆልፍልሻል? ጨለማ ትፈሪ የለ?»

«ነገ ሳይላክ ደርሰን እናርመዋለን» አልኳት።

ቁልፉን ከእጇ ተቀብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ጨለማውን ግቢ አቋርጬ የውጪውን በር ቆለፍኩት።