ሊቆረጥ የነበረው ጃካራንዳ

በዚህች ወሬ ላይ ቅንጣት ውሸት ከተገኘ ምላሴን ቁረጡት! ዛፍ ቆራጩ የሞተር መጋዙን አስነስቶ በራችን ላይ ቆመ። የታዘዘው የውኃ ቧንቧ የሰበረውን፣ ቀይ የሚያብበውን የማዶውን ዛፍ እንዲጥል ነበር፤ የተጠጋው ግን ባለቤቴ በሠርጋችን ሰሞን የተከለቻትን ጃካራንዳ ነው።

«ተሳስተሃል፣ ወንድሜ!» አልኩት፤ ድምፄ ሦስት ሰፈር አናወጠ።

«ጋሼ፣ የሁለቱም ቅጠል እንደ ላባ የደቀቀ ነው። ሐምራዊ ይሁን ቀይ፣ አሁን አበባ የላቸው፤ በምን ልለያቸው?»

«በፍሬያቸው ነዋ! የዚያኛው እንደ ጎራዴ ይረዝማል፤ የዚህች ክብና ጠፍጣፋ ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ይኼኔ እንደ ነብር ተወርውሬ ንስር የሚፈራው ጫፍ ላይ ወጣሁ። ሰሃን የምታክል ደረቅ ፍሬ ቀጥፌ አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። መጋዙ ጸጥ አለ፤ ሰውዬውም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ማዶው ዛፍ ሄደ። ሊያይ የወጣው ጎረቤት ሁሉ ጭብጨባ ጣሪያችንን ሊነቅለው ነበር!

ይህን ለእንግዶቻችን ስተርክ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሹራብ ትጠግን ነበር። ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «የወጣሁት እንኳ እኔ ነኝ» አለች ለስለስ ባለ ድምፅ። «እሱማ መሰላሉን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ‹በፈጠረሽ ውረጂ› ይለኝ ነበር።»