የሽብሩ ስንቅ

የድሮው እስር ቤት ሙዚየም ሆነ። አልታዬ የሟች ባሏ የሽብሩ ምስል ግድግዳው ላይ ዓይኑን ሲያርገበግብ አየች፤ ኮምፒውተር ነው የሚያንቀሳቅሰው። ጎረምሶች አጠገቡ ቆመው እየተሳሳቁ ሰልፊ ይነሳሉ። አንገሸገሻት።

«ይንኩት እማማ፣ ያናግርዎታል» አለቻት አስጎብኚዋ።

እየቀፈፋት ነካችው።

«በጥቅምት ታሰርኩ፤ በሳምንቱ ተረሸንኩ» አለ ምስሉ፣ በማታውቀው ድምፅ።

አልታዬ ክው አለች። እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ ስንቅ አመላልሳለች። ዘበኛው በር ላይ ይቀበላትና ሳህኑን ባዶውን ይመልስላታል፤ እሷም «ዛሬም በላልኝ» እያለች ተጽናንታ ቤቷ ትገባለች። የገና ዕለትማ ዶሮ ወጥ ሠርታ ወስዳ ነበር። ዘበኛው የተላሰ ሳህን ይዞላት ወጣና፣

«ሽብሩ፣ ለጥምቀት ቅቤውን ጨመር አድርጊበት ብሎሻል» አላት።