በጋዜጣ የተለበደው ልብ ወለድ

ኤሌኒ መጽሐፉን ያገኘችው ከልጇ ትራስ ሥር ነው። በእሷ እምነት ከትራስ ሥር ደህና ነገር ተገኝቶ አያውቅም።

መጽሐፉ በጋዜጣ ተለብዷል፤ ጋዜጣው ዳር ዳሩን በማስቲሽ ተጣብቋል። ውስጡ አንድም ሥዕል የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ፈረንሳይኛ ነው። ኤሌኒ በፈረንሳይኛ ከደንበኛ ጋር መከራከር፣ ፖሊስ መለማመጥ ትችላለች። ማንበብ ግን የምትችለው አማርኛ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልብ ወለድ። ለእኛ ዕድሜ የተጻፈ» አለች ዝማሬ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። «የነጃት ነው፤ ሐሙስ እመልሳለሁ ብያታለሁ።»

«ለምን ተለበደ?»

«እንዳይቀደድ።»

የዝማሬ የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋኑ ከረገፈ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ማንም አላዘነለትም።

«ስለ ምን እንደሆነ ልንገርሽ እማ?»

«አንቺ የምትነግሪኝን እኔም በአንቺ ዕድሜ ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አለች ኤሌኒና መጽሐፉን ወረሰችው።

የዝማሬ ጓደኛ ነጃት፣ ከይረዲን የሚባል ወንድም አላት። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቤታቸው ከነኤሌኒ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ጸጉሩን በቀን አራት ጊዜ ያበጥራል። ለኤሌኒ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። መጽሐፉ የፈራችው ዓይነት ከሆነ ዝማሬ ትምህርት እንደተዘጋ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ለክረምት ሳይሆን ለሁልጊዜው። አክስቷ ቤት ቴሌቪዥን የሚከፈተው ለዜናና ለቅዳሴ ብቻ ነው። የኤሌኒ ባል መልአኩ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅቷን ለብቻዋ አሳድጋ ጸጉር ለሚያበጥር ጎረምሳ አታስረክብም።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዛ ወደ ዋለልኝ ሄደች።

ዋለልኝ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ፣ ከኤሌኒ ልብስ ስፌት ቤት መንገዱን ተሻግሮ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፤ ሁለት ኮምፒውተር አቁሞ ኢንተርኔትም ያስጠቅማል። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነው። መላጣ፣ ወንደላጤ፣ ዝምተኛ ነው፤ ድሬዳዋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ፈረንሳይኛ ጠንቅቆ ያውቃል ይባላል። ጫትም አይቅምም። ጫቱ ከአገር ቤት ድንበር ተሻግሮ ገብቶ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ጎኑን ሲያሳርፍ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ወንድ እሱ ብቻ ነው።

«አቶ ዋለልኝ፣ ልጄ ምን እንደምታነብ ይንገሩኝ። ምንም እንዳይደብቁኝ።»

ዋለልኝ መነጽሩን አደረገ። ጥቂት ገጽ ገለጠ። ቀና ብሎ አያት።

«የፍቅር ነው አይደል?» አለች።

«የፍቅር ነው» አለ።

«አውቄዋለሁ። ቲኬቷን እቆርጣለሁ።»

«ግማሽ ሰምቶ መፍረድ ደግ አይደለም ወይዘሮ ኤሌኒ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተረጎምኩ ላንብብልዎት።»

ታሪኩ ወደብ ከተማ ውስጥ ስለምትኖር ሶፊ ስለምትባል ልጅ ነው። ሶፊ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፣ ፍንጭት ናት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

«ልጄም ፍንጭት ናት» አለች ኤሌኒ። ከማን እንደወረሰችው አልጨመረችም።

ከሶፊ ፊት ለፊት አንድ ልጅ አለ። በየቀኑ ያያታል፤ ምንም አይላትም።

«ጸጉሩን ያበጥራል?»

ዋለልኝ ገጹን አገላበጠ። «ስለ ጸጉሩ የተጻፈ ነገር የለም።»

የመጀመሪያው ቀን ኤሌኒ ተናዳ ወጣች። በሁለተኛው ቀን የምትቀመጥበትን ዱካ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ሳንቡሳ ጨመረች። በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት ሙሽራ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ለመቆጣጠር ነው ትላለች፤ እናት መቆጣጠር አለባት። ልጁ ሶፊ የጣለችውን መርፌ አንስቶ አንድ ሳምንት በኪሱ ይዞት ዞረ ሲባል ግን ተቆጣጣሪዋ ዓይኗን በሻሿ ጠራረገች።

«ልላካት እንዴ?» ትለዋለች በየቀኑ።

«መጨረሻውን ሳንሰማ?» ይላታል በየቀኑ።

ዝማሬ ግራ ገብቷታል። «እማ፣ ሁለት መቶ ገጽ ለማንበብ ስንት ቀን ይፈጃል? ነጃት አኩርፋኛለች።»

«ከይረዲንስ አኩርፏል?»

«ከይረዲን ምን አገባው?»

ኤሌኒ ይህንንም መዘገበችው።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ በቆመበት ሰዓት፣ ልጁ በመጨረሻ መንገዱን ተሻገረ። ሶፊ በር ላይ ቆመ። ዋለልኝም ማንበቡን አቁሞ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ ሙቀቱ ያስጨንቃል።

«ይቀጥሉ እንጂ» አለች ኤሌኒ።

«‹ታገቢኛለሽ?› አላት።»

«እሺ? ምን አለችው?»

«እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«መልሷስ?»

«አልተጻፈም» አለና መጽሐፉን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

ኤሌኒ ሳትሰናበተው ወጣች። እንዲህ ያለ ደራሲ መገረፍ አለበት። ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ልቡ ተንጠልጥሎ ከርሞ መልስ ይነፈጋል? ዋለልኝ ገጽ ዘልሎባት ይሆናል፤ እፍረት ይዞት ይሆናል። ቤት ገብታ መጽሐፉን ዝማሬ ጭን ላይ ጣለችው።

«ድሬዳዋ መሄድ አለመሄድሽ ዛሬ ነው የሚለይለት። እንዳትዋሺኝ። ልጅቷ ምን ብላ መለሰችለት?»

«የቷ ልጅ?»

«ሶፊ ናታ። የፊት ለፊቱ ልጅ ታገቢኛለሽ ሲላት።»

ዝማሬ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ እናቷ አሟት እንደሆነ ለማወቅ ግንባሯን በእጇ ዳሰሰች።

«እማ፣ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ እኮ ሰው የሚባል የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ተኩላዎች ነው።»